አንዲት ማንኪያ ጨመር

ልጄ አምስተርዳም ውስጥ ሲወለድ 2 ኪሎ ከ100 ግራም ነበር። ቀኑ አልጎደለም፤ 38ኛው ሳምንት ላይ ነው የመጣው። የጎደለው ምግቡ ነው። እርግዝናዬ መጨረሻ ላይ ደም ግፊቴ ጨምሮ፣ በእንግዴ ልጁ በኩል የሚደርሰው ደም አንሶበት ነበር። ከ2 ኪሎ ተኩል በታች የተወለደ ሕፃን በዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ ክብደቱ ዝቅተኛ ነው ይባላል። እማዬ ግን መለኪያ አላስፈለጋትም። ደሴ ሆና በቪዲዮ አየችውና «ውይ የኔ ልጅ፣ ጫጩት ወለድሽ እንዴ?» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ምክር ዘነበ። እማዬ፣ ቅቤ አስልሺው፣ አብሽ አጠጪው። የማኅበራችን ሴቶች፣ ጡትሽ ቀጥኗል፣ የጣሳ ወተት ጨምሪለት። እዚህ አገር ደግሞ ከወሊድ በኋላ ሳምንት ያህል ቤት ድረስ እየመጣች እናትና ልጅን የምትንከባከብ ባለሙያ አለች፤ እንክብካቤውን ክራምዞርግ ይሉታል። እሷ፣ ጡት ብቻ፣ ቢተኛም በየሦስት ሰዓቱ ቀስቅሺው፣ ትላለች። (ለጠያቂ የሚቀርበው ደረቅ ብስኩት ላይ የተነሰነሰ፣ ስኳር የለበሰ የአኒስ ፍሬ ነው። የእነሱ ገንፎ እሱ ነው። አይከፋም።)

ማንን ሰማሁ? ሀበሾቹን ነዋ። ክራምዞርጓ ስትሰናበት የጣሳ ወተት ጀመርኩ። አንዷ ጓደኛዬ «ወፈር አርገሽ በጥብጪው፤ የኔ በሁለት ወሩ ኳስ ሆነ» አለችኝ። ጣሳው ላይ ከተጻፈው ልክ አንዲት ማንኪያ ጨመር። ልጄ ጉንጭ አወጣ። ክንዱ አምባር ያሰረ መሰለ። ቤተ ክርስቲያን ስወስደው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ደስታዬን አትጠይቁኝ።

የሕፃናት ክትትል ነርሷ ግን ፊቷ አልፈታም። የእድገት ደብተሩን ገልጣ ጣቷን በመስመሩ ላይ አስኬደች። የክብደቱ ነጥብ ሁለት መስመር ዘሎ ወጥቷል። የቁመቱ ነጥብ እዚያው ታች ነው። «ቁመቱ ካልጨመረ ይሄ ስብ ነው» አለች። እንዴት እንደምበጠብጥ ስትጠይቀኝ ማንኪያዋን ተናዘዝኩ። መጀመሪያ የተቆጣችው ስለ ኩላሊቱ ነው፤ ከልክ በላይ የወፈረ ወተት ለሕፃን ኩላሊት ይከብዳል። ቀጥላ ያለችው ግን እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። «ማሕፀን ውስጥ የተራበ ሰውነት ለረሃብ ተሰናድቶ ነው የሚወጣው። በአንዴ አታጥለቅልቂው።»

ነገሩ በደንብ የገባኝ በጎረቤቴ ነው። ልጄ ኦማ ይላቸዋል፤ በእነሱ ቋንቋ አያት ማለት ነው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1945 እዚሁ አምስተርዳም ነው የተወለዱት። በዓለም ጦርነቱ መጨረሻ፣ በዚያ የብርድ ወራት ጀርመኖች የምግብ መንገዱን ዘግተው፣ የአንድ ሰው የቀን ራሽን ከ1000 ካሎሪ በታች ወርዶ ነበር። ከ20 ሺህ በላይ ሰው አልቋል። የኦማ እናት እርጉዝ ሆነው የቱሊፕ ሥር ቀቅለው በልተዋል። ግንቦት ላይ አገሩ ነፃ ሲወጣ ምግቡ ቶሎ ተመለሰ። ተመራማሪዎች ያን ጊዜ በሆድ የነበሩትን ሃምሳ ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ስኳር አጠጥተው ደማቸውን ለኩ። ከረሃቡ በፊት ከተወለዱትና ከረሃቡ በኋላ ከተፀነሱት ይልቅ የእነሱ ስኳር ከፍ ብሎ ተገኘ። ኦማም ኢንሱሊን ይወጋሉ።

የሚገርመው የሩሲያዋ ከተማ የሌኒንግራድ ነው። እዚያ በዚያው ጦርነት የጀርመኖች ከበባ 900 ቀን ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። ተመሳሳይ ምርመራ ተደርጎ በስኳር በኩል ልዩነት አልታየም። ከሚሰጡት ምክንያቶች አንዱ፣ የሌኒንግራድ ልጆች ከተወለዱ በኋላም እጦቱ ስለቀጠለ በድንገት አልወፈሩም የሚል ነው። ምግብ ሲያንስ ፅንሱ ያለችውን ለአንጎሉ ያደላል። ቆሽቱ፣ ኩላሊቱና ጡንቻው በቁጠባ ይሠራሉ። በኋላ ስብ ሲከመር፣ በቁጠባ የተሠራችው ቆሽት ኢንሱሊኑን ማድረስ ያቅታታል።

ታዲያ ልጁን እናስርበው? በፍጹም። ትንሽ ተወልዶ ባለበት የቀረ ልጅም ይጎዳል፣ አንጎሉ ምግብ ይፈልጋል። ያለቀኑ የተወለደማ ሐኪሙ ራሱ ወተቱን የሚያጠናክርበት ጊዜ አለ። ለእኔ የተነገረኝ፣ የጣሳውን በልኩ፣ ጡቱን በብዛት፣ ከሚዛኑ ይልቅ ቁመቱን እይ ነው። ጡቴ እስኪመለስ ሦስት ሳምንት አለቀስኩ። ጉንጩ ሲጎድል ደግሞ የቤተ ክርስቲያኑ ሴቶች «ታሞ ነበር እንዴ?» ይሉኝ ጀመር።

እማዬ ላይ አልፈርድም። እኔን 1977 ላይ ወሎ ስትወልደኝ ድርቁ ነበር። እዚያ ቤት ወፍራም ሕፃን ማለት ለሚቀጥለው ኩፍኝና ተቅማጥ ስንቅ ይዟል ማለት ነው። የሞተባትንም የተረፈላትንም ታውቃለች። እኔን የመዘነኝ የለም። በዓመቴ አዲስ አበባ አክስቴ ጋ ወስደውኝ፣ በፋፋና በወተት ስድስት ወር ሳይሞላ እንደ ዱባ ሆንኩ ይላሉ። ፎቶው አለ፤ አንገት የለኝም።

ልጄ ዘንድሮ ዘጠኝ ሞላው። ቀጭን ነው፣ ኳስ ላይ አይቻልም። እማዬ ባየችው ቁጥር «ምንድነው የምታበሉት?» ትላለች። እኔ በየዓመቱ ለምርመራ ደሜን እሰጣለሁ። ባለፈው ወር ሐኪሟ፣ ስኳርሽ ድንበሩ ላይ ደርሷል አለችኝ። ከዚያ ከ77ቱ ነው ብሎ የሚምልልኝ የለም፤ ሌላም ምክንያት ሞልቷል። ለኦማ ነግሬያቸው የድሮውን የስኳር መለኪያቸውን ሰጥተውኛል። ለእማዬ ገና አልነገርኳትም።