ጓ የሚለውን በር ዝም ያሰኘሁበት መንገድ

ደሴ ላይ የመስታወት በር ያለው ሱቅ ስትከራዩ ነፋሱንም አብራችሁ ትከራያላችሁ። የእህቴ ፋርማሲ በር ከሰዓት በኋላ ጓ ብሎ ሲዘጋ መደርደሪያው ላይ ያለው ጠርሙስ ሁሉ ይንጫጫል። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ጠባዩ ይለወጣል፤ እየተጎተተ ይመጣና ሊገጥም ሁለት ጣት ሲቀረው ይቆማል።

አንድ ባለሙያ አይቶት «ዶር ክሎዘሩ ሞቷል፣ ቀይሩት» አለ። እኔ ግን በመጀመሪያ ዘይት ያፈስስ እንደሆነ ማየት ፈለግሁ። ዶር ክሎዘር ማለት በሩን በራሱ የሚዘጋው ከበሩ አናት ያለው ሳጥን ነው፤ ውስጡ ሞላና ዘይት አለ። ሞላው በሩን ይገፋል፤ ዘይቱ በጠባብ ቀዳዳ እያለፈ ያዘገየዋል። ዘይቱ ካፈሰሰ ብሎን ማዞር ከንቱ ድካም ነው፤ መቀየር ብቻ ነው። (ስትገዙ የክሎዘሩን የጉልበት ቁጥር እዩ። በአውሮፓ መለኪያ 2 ቁጥር እስከ 85 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 40 ኪሎ፣ 3 ቁጥር ደግሞ እስከ 95 ሴንቲ ሜትርና 60 ኪሎ ላለው በር ነው።) የእኛን በሶፍት ጠረግሁት። ደረቅ ነበር።

ቀጥዬ የክሎዘሩን ክንድ ፈትቼ በሩን በእጄ ከፈት ዘጋ አደረግሁት። ሞላው ክንዱን ስለሚያፈናጥረው ስትፈቱ ፊታችሁን አርቁ። በሩ ለካ ወለሉን ይልስ ነበር! የላይኛው ማጠፊያ ላልቷል። እሱን ሳጠብቅ የጠዋቱ ችግር ግማሹ ተቃለለ።

አሁን ወደ ክሎዘሩ የፍጥነት ብሎኖች። ሁለት ናቸው። አንዱ የበሩን ረጅም ጉዞ፣ ሌላው የመጨረሻዋን ስንዝር ይቆጣጠራል። ወደ ቀኝ ሲዞሩ በሩ ይዘገያል፤ ወደ ግራ ሲዞሩ ይፈጥናል። በካቻቢቴ ከሩብ ዙር ያነሰ ነካ አድርጎ መሞከር ነው። ብሎኑ ተፈትቶ ከወጣ ዘይቱ ይፈስሳል፣ ያኔ ባለሙያው እውነቱን ሆነ ማለት ነው። ረጅሙን ጉዞ በሩ ግማሽ ከተከፈተበት ስድስት ሰከንድ ገደማ እንዲፈጅ አደረግሁት። ምርኩዝ ይዘው የሚገቡ እማማዎች አሉብን፣ ከዚያ ቢፈጥን ተረከዛቸውን ይመታል።

የመጨረሻዋን ስንዝር ግን ሆን ብዬ ለጠዋት አቆየኋት። ዘይት በብርድ ይወፍራል። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ የኅዳር ጠዋቷን የሚያውቅ ያውቀዋል። እኩለ ቀን ላይ ልክ የሆነ በር በማግስቱ ጠዋት አይገጥምም። ታች ኮምቦልቻ ብሆን ይህን ያህል አልጨነቅም ነበር። ሱቁ ሳይከፈት ብሎኗን ወደ ግራ ላላ አደረግሁ፣ የቁልፉ ምላስ ቀጭ ብሎ ገባ። ከሰዓት ትንሽ ይፈጥናል፤ ከማይዘጋ በር ግን ይሻላል።

ነፋሱ በሩን ከሰው እጅ ነጥቆ ወደ ውጭ ሲበረግደው ይህ ሁሉ አያድንም። ያንን የሚይዝ ሦስተኛ ብሎን ያላቸው ክሎዘሮች አሉ፤ የእኛው የለውም። ስለዚህ ወለሉ ላይ የጎማ ማቆሚያ አስመታሁ።