ቻርጀር ሲሰካ የሚንቀራፈፍ ላፕቶፕ፦ ኮምፒውተር በማፋጠን ሥራ እስካሁን የደረስኩበት

በቤታችን ያለው አሮጌ ላፕቶፕ ከብዙ መንገላታት በኋላ በአግባቡ መሥራት ስለጀመረ፣ ተመሳሳይ ችግር ለገጠማችሁ ሁሉ የሄድኩበትን መንገድ ላካፍላችሁ ወደድኩ። ማሽኑ ሲጀመር 4 ጊጋባይት ራም (ፕሮግራሞች ሲሠሩ መረጃቸውን የሚይዙበት ጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታ) እና በደቂቃ 5400 ጊዜ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ነበረው፤ ከበራ በኋላ አንድ ሰነድ ከፍቶ መጻፍ እስኪቻል ድረስ የሚያስጠብቀው ጊዜ ሥራን የሚያስጠላ ነበር።

የመጀመሪያዎቹን እርምጃዎች በአጭሩ ልለፋቸው። ኮምፒውተሩ ሲበራ አብረው የሚነሱ ፕሮግራሞችን የሚሠሩ ፕሮግራሞችን ከሚያሳየው የዊንዶውስ መሣሪያ፣ ከታስክ ማኔጀር፣ «ስታርትአፕ» ገጽ አጠፋሁ፤ ጎን ለጎን ይሠሩ ከነበሩት ሁለት ጸረ ቫይረሶች አንዱን አስወገድኩ፤ ከብሮውዘሩ ላይ ማንም የማይጠቀምባቸውን ኤክስቴንሽኖች አነሳሁ። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ «ፋስት ስታርትአፕ» የሚባል አሠራር መኖሩንም ያወቅሁት በዚህ ጊዜ ነው። ይህ አሠራር ካልጠፋ በስተቀር፣ ኮምፒውተሩን ሻት ዳውን ስናደርገው የዊንዶውስ ዋና ክፍል ያለበት ሁኔታ ዲስክ ላይ ተቀምጦ በማግስቱ እንዳለ ይመለሳል፤ ስለዚህ ማታ እያጠፉ ጠዋት በማብራት ብቻ የማይጠፋ ችግር አለ። ሁሉም ነገር ከዜሮ የሚጀምረው ሪስታርት ሲደረግ ነው።

በአንድ ጠቅታ ኮምፒውተር እናፈጥናለን የሚሉ የማጽጃ ፕሮግራሞችን በተመለከተ አቋሜ የማያወላውል ነው፤ አትጫኗቸው። ሬጂስትሪ (የዊንዶውስና የፕሮግራሞች ቅንብር የሚመዘገብበት ቋት) ውስጥ የተረፉ ጥቂት መስመሮች ኮምፒውተርን አያዘገዩም፤ ማይክሮሶፍት ራሱም ሬጂስትሪ ማጽጃዎችን መጠቀምን አይደግፍም። ብዙዎቹ ከበስተጀርባ እየሠሩ ያንኑ የጎደለ ራም ይሻማሉ።

ትልቁን ለውጥ ያመጣው ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ (መረጃን በሚሽከረከር ዲስክ ሳይሆን በቺፕ ላይ በሚይዝ ማከማቻ) መተካቱ ነው። በደቂቃ 5400 ጊዜ የሚዞር ዲስክ አንዱን ዙር ለመጨረስ 11 ሚሊሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ የተፈለገው መረጃ ከማንበቢያው ሥር እስኪደርስ በአማካይ የዚህን ግማሽ መጠበቅ ግድ ነው፤ ማንበቢያው ከቦታ ቦታ የሚንቀሳቀስበት ጊዜ ሲታከልበት፣ እንዲህ ያለው ዲስክ ተበታትነው ከተቀመጡ ትንንሽ ቁራጮች በሰከንድ የሚያነበው ከመቶ እምብዛም አይበልጥም። ዊንዶውስ ሲነሳ የሚጠይቀው ደግሞ እንዲህ ያሉ ቁራጮችን በሺዎች ነው። ታስክ ማኔጀር ላይ ዲስኩ 100 በመቶ ተይዞ እያለ የሚተላለፈው መረጃ በሰከንድ 1 ወይም 2 ሜጋባይት ብቻ ሆኖ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። ኤስኤስዲ የሚንቀሳቀስ አካል ስለሌለው ይህ ጥበቃ ከሞላ ጎደል ይቀራል። ራሙንም ወደ 8 ጊጋባይት አሳደግሁት፤ በብሮውዘር ብዙ ገጽ ለሚከፍት ሰው ይህ ይጠቅማል፤ ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ግን ያለጥርጥር ኤስኤስዲውን አስቀድሙ።

ዋናው እንቆቅልሽ የመጣው ይህ ሁሉ ከተሠራ በኋላ ነው። ላፕቶፑ አንዳንድ ጊዜ እንደ አዲስ ይፈጥናል፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ የማውሱ ቀስት እንኳ እየተቆራረጠ ይሄዳል። ቫይረስ ፈተሽኩ፤ ዊንዶውስን አጥፍቼ እንደገና ጫንሁ፤ የተለወጠ ነገር አልነበረም። ፍንጩን የሰጠኝ እስከ ዛሬ ከሁሉም መሣሪያ አብልጬ የምወደው ታስክ ማኔጀር ነው። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ በአንድነት ሲጫኑ ይከፈታል፤ «ፐርፎርማንስ» በሚለው ገጽ ላይ ሲፒዩ (ፕሮሰሰሩ ማለት ነው) ሲመረጥ ከግራፉ ሥር «ስፒድ» የሚል ቁጥር ይታያል። አብዛኛው ሰው ዓይኑ በመቶኛ በተጻፈው አጠቃቀም ላይ ስለሚያርፍ ይህን ቁጥር ያልፈዋል። የእኛ ፕሮሰሰር መደበኛ ፍጥነቱ 2.3 ጊጋኸርዝ ሆኖ ሳለ፣ በዚያ ሰዓት የሚነበበው 0.78 ነበር፤ ቪዲዮ ብከፍትም፣ ከባድ ፋይል ባስነሳም ከዚያ ንቅንቅ አላለም። ሥራ የሌለበት ፕሮሰሰር ኃይል ለመቆጠብ ፍጥነቱን ዝቅ ማድረጉ ጤናማ ነው፤ ሥራ ሲበዛበትም በዚያው መቅረቱ ግን የያዘው ነገር እንዳለ ያመለክታል።

በመጀመሪያ የጠረጠርኩት ሙቀትን ነው፤ ፕሮሰሰር ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳልና። የሙቀት መለኪያ ፕሮግራም ጭኜ ሳይ ግን ከ50 ዲግሪ እምብዛም አላለፈም። የኃይል አጠቃቀሙን «ሃይ ፐርፎርማንስ» ላይ ባደርገውም ለውጥ አላመጣም። ምክንያቱ የተገለጠው ያንን ገጽ ከፍቼ ላፕቶፑን ወደ ሌላ ክፍል ለመውሰድ ቻርጀሩን ስነቅል ነው፤ ቁጥሩ ወዲያው ከ0.78 ወደ 2.6 ዘለለ። መልሼ ስሰካው ወደ 0.78 ወረደ። ባትሪ ላይ ሲሆን ይፈጥናል፤ ቻርጀር ሲሰካ ይንቀራፈፋል፤ ከምጠብቀው ጋር ፍጹም ተቃራኒ ነበር።

የአንዳንድ ላፕቶፖች ቻርጀር ጫፍ መካከል ላይ ቀጭን ፒን አለው። ይህ ፒን ኃይል አያስተላልፍም፤ ሥራው ቻርጀሩ ስንት ዋት ማቅረብ እንደሚችል የላፕቶፑ ክፍሎች ለሚያያዙበት ዋና ሰሌዳ፣ ለማዘርቦርዱ፣ መንገር ነው። ፒኑ ቢጎብጥ ወይም ገመዱ ጫፉ አጠገብ ሲተጣጠፍ ኖሮ ቀጭኑ ሽቦ ቢበጠስ፣ ኃይሉ እንደ ወትሮው እየደረሰ መልእክቱ ብቻ ይቋረጣል። ማዘርቦርዱም የቻርጀሩን አቅም ስለማያውቅ ባትሪውን አይሞላም፤ ለፕሮሰሰሩም «ቢዲ ፕሮክሆት» የሚባለውን ምልክት ልኮ በዝቅተኛው ፍጥነት ላይ ያስረዋል። ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የማሽኑ መሠረታዊ ፕሮግራም) ውስጥ ገብቼ ስመለከት የቻርጀሩ ዓይነት የማይታወቅ ተብሎ ተመዝግቧል፤ የባትሪው መጠንም ቻርጀር ተሰክቶ እያለ ከነበረበት አልጨመረም። ትክክለኛው ዋት ያለው ሌላ ቻርጀር ሲሰካ ችግሩ ሙሉ በሙሉ ጠፋ።

«ትሮትልስቶፕ» በሚባለው ፕሮግራም ይህን ምልክት ማፈን እንደሚቻል ታነቡ ይሆናል። እንደሚሠራ አውቃለሁ፤ ይሁንና በዘላቂነት መጠቀሙን አጥብቄ እቃወማለሁ፤ ምክንያቱም ያው ምልክት ሌላ የማዘርቦርድ ክፍል ከልክ በላይ ሲግልም የሚላክ የጥንቃቄ ምልክት ነው። ለጥቂት ደቂቃ አፍኖ ችግሩ ከየት እንደሆነ ማረጋገጥ ተገቢ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚጠገነው ቻርጀሩ ወይም መሰኪያው ነው። ላፕቶፓችሁ በዩኤስቢ ሲ የሚሞላ ከሆነም ነገሩ ተመሳሳይ ነው፤ ቻርጀሩና ላፕቶፑ ስለ ኃይሉ መጠን አስቀድመው ስለሚነጋገሩ፣ 65 ዋት የሚፈልግ ማሽን ለስልክ የተሠራ ቻርጀር ቢሰካበት ላይሞላ ወይም እየተንቀራፈፈ ሊሠራ ይችላል። ቻርጀር ስትገዙ ጫፉ መግጠሙንና ቮልቱን ብቻ አትዩ፤ ዋቱን አንብቡ፤ በተቻለ መጠንም ከገዛችሁ በኋላ ወዲያውኑ ሰክታችሁ የስፒዱን ቁጥር ተመልከቱ።

ከኤስኤስዲ ጋር ለሚለማመዱ ሁለት ነገር ልጨምር። የድሮውን ዲስክ ከመንካታችሁ በፊት የፋይሎቻችሁን ቅጂ ሌላ ቦታ አስቀምጡ። ኤስኤስዲን ደግሞ እንደ ሃርድ ዲስክ ዲፍራግ አታድርጉ (ዲፍራግ ተበታትነው የተቀመጡ የፋይል ቁራጮችን ወደ አንድ ቦታ መሰብሰብ ነው)፤ ጥቅም የለውም፤ ዊንዶውስ ራሱ ለኤስኤስዲ የሚስማማውን ማስተካከያ በየጊዜው ያደርጋል።

ሳልነካው የተውኩት የፕሮሰሰሩን ማቀዝቀዣ ነው። ረጅም የቪዲዮ ስብሰባ ላይ ሙቀቱ ወደ 90 ዲግሪ ስለሚወጣ፣ በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል ያለው ቅባት ሳይደርቅ አልቀረም። በዚህ ሞዴል እዚያ ለመድረስ ኪቦርዱን ማንሳት የግድ ነው፤ ኪቦርዱ የተያያዘበት ስስና ጠፍጣፋ ገመድ ደግሞ በቀላሉ ስለሚቀደድ እስካሁን አልደፈርኩም። ይህን ገመድ ሳይጎዳ ነቅሎ የመለሰ ሰው ካለ፣ መያዣውን በምን እንደከፈተውና በየትኛው በኩል እንደጀመረ ቢነግረኝ በእጅጉ አመሰግናለሁ።