መስቀሉን ከጎኑ እዩት

ይሄን የምጽፈው ጠረጴዛዬ ላይ ሁለት የብረት መስቀል፣ ያ የድሮው የጀርመን ጦር ሜዳልያ፣ ጎን ለጎን አስቀምጬ ነው። ሁለቱም ላይ 1914 ተጽፏል፣ ዘውዱም የጀርመኑ ንጉሠ ነገሥት የካይዘር ቪልሄልም ፊደልም አለ፣ አንዱ ግን ፎርጅድ ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት ጀርመን ውስጥ አንድ ፍሎማርክት (የአሮጌ ዕቃ ገበያ) ላይ 120 ዩሮ ከፍዬ የገዛሁት አንደኛ ደረጃ ነው፣ ሻጩ የቅድመ አያቴ ነው፣ 1ኛው የዓለም ጦርነት ላይ ቬርዱን ሲዋጋ ነው ያገኘው እያለ ታሪኩን ሲያወራልኝ እኔ ታሪኩን እየሰማሁ ዕቃውን ሳላገላብጥ ከፈልኩ። ቤት ገብቼ ከጎኑ ሳየው ነው ነገሩ የገባኝ።

ለምን ከጎኑ? እውነተኛው የብረት መስቀል እኮ በአብዛኛው አንድ ወጥ አይደለም፣ ሦስት ቁራጭ ነው። መሃሉ ጥቁር የተቀባ ብረት ነው፣ እሱን ከፊትና ከኋላ ሁለት የብር ፍሬም ያቅፉትና ጠርዛቸው ላይ ይበየዳሉ። ስለዚህ ጠርዙን በአጉሊ መነፅር ስታዩ ሁለቱ ፍሬሞች የተገናኙበት ስስ መስመር ይታያል፣ አንዳንድ ጎበዝ አንጥረኛ በሞረድ ሊጠፋ እስኪደርስ ድረስ አለስልሶት ታገኛላችሁ፣ ግን ብርሃን አጋድማችሁ ብትፈልጉ አብዛኛውን ጊዜ ይገኛል። የኔው ጠርዙ ድፍን ነበር፣ አንድ ላይ ቀልጦ የፈሰሰ፣ ጥቁሩም ላዩ ላይ የተቀባ ቀለም ብቻ።

ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚመክረው ማግኔት ነው። ማግኔት ጥሩ ነው፣ መሃሉ ብረት ካልሆነ ቶሎ ትጠረጥራላችሁ፣ ግን ፎርጅድ የሚሠራውም ሰው ይሄን ስለሚያውቅ ብረት ያስገባበታል፣ ስለዚህ ማግኔት ሳበው ብላችሁ እንዳትከፍሉ። እኔ አሁን ካሊፐር (ውፍረትና ስፋት መለኪያ) እና ትንሽ ሚዛን ይዤ ነው የምዞረው። ከኦርጅናል ላይ ቅርጽ ተወስዶ የተቀለጠ ነገር ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር ከኦርጅናሉ ትንሽ ያንሳል፣ የፍሬሙ ጥርስ ጥርስ የሚለው ጌጥም ሹልነቱ ይጠፋና የተላሰ ይመስላል፣ አንዳንዴ የአየር አረፋ ቀዳዳ ሁሉ ይታያል። በማተሚያ ተመትቶ የወጣ ብር እንደዚህ አይሆንም። ሁለተኛ ደረጃው ላይ ሪቫኑ የሚያልፍበት ቀለበት ላይ ያለው የሠሪው ምልክት ደግሞ ብዙ ሰው ያምነዋል፣ እኔ ብቻውን አላምነውም፣ ቀለበት በፒንሳ ተከፍቶ በደቂቃ የሚቀየር ነገር ነው። ሪቫኑን በአልትራቫዮሌት መብራት እዩት፣ ነጩ ሰማያዊ ሆኖ ቦግ ካለ ከ2ኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተስፋፋው የማንጫ ኬሚካል አለበት ማለት ነው። ግን ረጋ በሉ፣ አንዲት ባልቴት የባሏን ሪቫን በዘመናዊ ሳሙና አጥባው ከሆነም ያበራል፣ በዛ ብቻ መስቀሉን አትጣሉት።

ለምን ብረት ሆነ የሚለው ራሱ ደስ የሚለኝ ታሪክ ነው። የፕሩሺያ (የድሮ የጀርመን መንግሥት) ንጉሥ ፍሬድሪክ ቪልሄልም 3ኛ በፈረንጆቹ 1813 ብሬስላው፣ የዛሬዋ የፖላንድ ቭሮትስዋፍ ላይ ነው ያቋቋመው፣ ቀኑንም ማርች 10 ያደረገው የሟች ሚስቱ የንግሥት ሉዊዘ ልደት ስለሆነ ነው። አገሩ በናፖሊዮን ተራቁቷል፣ ሴቶቹ የወርቅ ጌጣቸውን ለጦርነቱ ሰጥተው በምትኩ የብረት ይቀበላሉ፣ ስለዚህ ሽልማቱም ብረት ሆነ፣ ለተራ ወታደርም ለጄኔራልም ያው አንድ ዓይነት። በ1870፣ በ1914 እና በ1939 እንደገና ታወጀ። የ1914ቱ ሁለተኛ ደረጃ ወደ 5 ሚሊዮን ገደማ ስለተሰጠ እንደልብ ይገኛል፣ ጀማሪ ከሆናችሁ በሱ ተማሩ።

የ1939ኙን እኔ አልሰበስብም። ስዋስቲካ አለበት፣ ያ ምልክት ቤቴ እንዲገባ አልፈልግም፣ ጀርመን ውስጥም በአደባባይ ማሳየት በሕግ ያስጠይቃል፣ በ1957 የወጣው ሕግ እንኳን የድሮ ወታደሮች ሽልማታቸውን ማድረግ የሚችሉት ስዋስቲካው የሌለበትን አዲስ ቅጂ ብቻ ነው ያለው።

አሁን ዋናው ነገሬ። ብረቱ ኦርጅናል መሆኑን ማወቅ ከጊዜ ጋር ይለመዳል፣ የማነው የሚለው ነው የሚያስቸግረው። መስቀሉ ላይ ብዙውን ጊዜ ስም የለም። ስሙ ያለው ከመስቀሉ ጋር የተሰጠው የሽልማት ወረቀት ላይ ነው፣ ነጋዴዎች ደግሞ ወረቀቱን ለብቻ መስቀሉን ለብቻ ሲሸጡት የበለጠ ስለሚያወጣላቸው ይለያዩታል፣ ይሄ ሁሌ ያናድደኛል፣ አንዴ ከተለያዩ ማን ነው የሚያገናኛቸው? በመዝገብ እንዳትፈልጉ የፕሩሺያ ጦር ማህደር ፖትስዳም ላይ ነበር፣ ሚያዝያ 1945 በቦምብ ሲመታ አብዛኛው ተቃጠለ። የባቫሪያው (የደቡብ ጀርመን ግዛት ናት) ግን ሙኒክ ስለነበር ተርፏል፣ የ1ኛው ጦርነት ወታደሮች መዝገብ ዛሬም አለ፣ ማን የት ቆሰለ ምን ተሸለመ የሚለው ሁሉ። ስለዚህ አሁን የምገዛው በተቻለ መጠን የባቫሪያ ክፍለ ጦር ወረቀት ያለውን ነው።

ባለፈው ወር ያገኘሁት ግን መስቀሉ ራሱ ሌላ ነው። በ1934 የጀርመን ፕሬዝዳንት ሂንደንቡርግ ያቋቋመው የ1ኛው የዓለም ጦርነት መታሰቢያ መስቀል አለ፣ ግንባር ለነበረ ሰይፍ ያለበት፣ ግንባር ላልነበረ ሰይፍ የሌለው፣ ለሟች ሚስትና ወላጅ ደግሞ ጥቁሩ። ማመልከት ነበረባቸው። ለካይዘር ከተዋጉት ወደ 100,000 አይሁድ ወታደሮች 12,000 ያህሉ ሞተዋል፣ እና ይሄን መስቀል የናዚ መንግሥት ለተረፉት አይሁድ ዘማቾችም ሰጥቷል፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ምን እንዳደረጋቸው ይታወቃል። እኔ ያገኘሁት ጥቁሩን ነው፣ ከነፖስታው ከነወረቀቱ፣ ለአንዲት እናት የተሰጠ። የልጇ ስም ወረቀቱ ላይ የለም፣ የሷ ስምና የባቫሪያ ከተማዋ ብቻ ነው ያለው። በቤተሰብ ስሙና በከተማው የሙኒኩን መዝገብ እያገላበጥኩ ነው፣ እስካሁን አራት ወጣት ወጥቶልኛል፣ ሁለቱ ጦርነቱ ላይ ሞተዋል።