በአንድ ሰዓት የተሰበሰቡት ሁለት ብልቃጦች

በእርሾ ላይ መሥራት በጀመርኩበት ዓመት አንድ ጂን የተሰረዘበትን ዝርያ ካልተነካው ጋር አነጻጽር ነበር። ያ ጂን ሲጎድል የትኞቹ ሌሎች ጂኖች ሥራቸውን እንደሚጨምሩ፣ የትኞቹ እንደሚቀንሱ ማወቅ ፈልጌ ነው። ሁለቱንም 2 በመቶ ግሉኮስ ባለው ፈሳሽ፣ በ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ በእኩል መጠን ዘራሁ። ከ15 ሰዓት በኋላ በአንድ ጊዜ ሰብስቤ አርኤንኤያቸውን፣ ማለትም የትኛው ጂን ምን ያህል እየሠራ እንደሆነ የሚያሳየውን የጂኖቹን ቅጂ፣ አወጣሁ።

ባልተነካው ከፍ ብለው በሌላው የወረዱት ጂኖች ብዙ መቶ ሆኑ። ብዙ ጂኖችን የሚያዝ ዋና ጂን ያገኘሁ መሰለኝ፤ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በማግሥቱ የላብራቶሪው ኃላፊ ዝርዝሩን አይተው ኤዲኤች2 ላይ ጣታቸውን አሳረፉ።

«ስትሰበስብ ፈሳሹ ውስጥ ግሉኮስ ቀርቶ ነበር?» አሉኝ።

አልለካሁም።

ኤዲኤች2 ግሉኮስ እስካለ ድረስ ተዘግቶ የሚቆይ ጂን ነው። እርሾ መጀመሪያ ግሉኮሱን ወደ አልኮል ይለውጣል፤ ግሉኮሱ ሲያልቅ ራሱ ያመረተውን አልኮል መመገብ ይጀምራል፣ ኤዲኤች2ም ያኔ ይነቃል። ብቻውንም አይደለም። እነ ጆሴፍ ዴሪሲ እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጥናት፣ በዚህ ሽግግር ወቅት 710 ያህል ጂኖች ቢያንስ በእጥፍ ጨምረው 1,030 ያህሉ ቢያንስ በግማሽ ቀንሰዋል። እርሾ ያሉት ጂኖች በጠቅላላ 6,000 ገደማ ናቸው! ስኳር ስላለቀ ብቻ ይህን ያህል መለወጡ ዛሬም ያስደንቀኛል።

ያልተነካው ዝርያ በየ90 ደቂቃው እጥፍ ስለሚሆን በ15 ሰዓት 10 ጊዜ ተባዝቷል። ጂን የጎደለው ዝግተኛ ነበር። ያስቀመጥኩትን ፈሳሽ ከማቀዝቀዣ አውጥቼ ስለካው በአንደኛው ግሉኮስ የለም ማለት ይቻላል፤ በሌላው አብዛኛው እንዳለ ነው። ያነጻጸርኩት የተራበን ከጠገበ ጋር ነበር።

እንደገና ስጀምር ሰዓቱን ትቼ፣ ሕዋሶቹ በበዙ ቁጥር የሚጨምረውን የፈሳሹን ድፍርስነት ተከተልኩ። እያንዳንዱን የድፍርስነት ልኬቱ 0.5 ሲደርስ ሰበሰብኩ፤ አንዱ ከሌላው ብዙ ዘግይቶ ደረሰ። ሕዋሶቹን በፍጥነት አሽከርክሮ ከፈሳሹ በሚለየው መሣሪያ፣ በሴንትሪፊውጅ፣ ውስጥ በሚያልፉት ደቂቃዎች እንኳ አርኤንኤው ሊለወጥ ስለሚችል፣ ሕዋሶቹን በማጣሪያ ቶሎ አጥልዬ በፈሳሽ ናይትሮጅን በረዶ አደረግኋቸው። ኤዲኤች2 ከዝርዝሩ ወጣ። የቀሩት ጂኖች ሠላሳ አይሞሉም፤ ቀጣዩን ዓመት ያሳለፍኩት ከእነርሱ ጋር ነው።