መዳብ ከየት መጣ?

«ዶክተር፣ እኛ እኮ በሸክላ ድስት ነው የምናበስለው፤ ልጄ መዳብ ከየት አገኘ?» አሉኝ ዛሬ ከቡሬ የመጡት እናት። እውነታቸውን ነው። መዳብ ግን በዕለት ምግባችን ውስጥ አለ፤ ጤነኛ ጉበት ትርፉን ከሐሞት ጋር ያስወግደዋል። የዊልሰን በሽታ ያለበት ሰው ጉበት ይህን ስለማይችል መዳቡ በጉበትና በአንጎል ይከማቻል። ልጁ እጁ ሲንቀጠቀጥ፣ ምላሱ ሲተሳሰር ቡዳ ነው ተብሎ ብዙ ተንከራትቷል። በዓይኑ ጥቁር ክፍል ጠርዝ ላይ የዞረውን ቡናማ ቀለበት ልብ ያለው አልነበረም።

መድኃኒት አለው! እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ዋልሽ በ1956 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቁት ፔኒሲላሚን መዳቡን በሽንት ያስወጣል። በባዶ ሆድ ይዋጣል፤ ቫይታሚን ቢ6 ይታከልበታል። ዚንክ ደግሞ መዳብ ከአንጀት ወደ ደም እንዳይገባ ያግዳል። ተሻለኝ ብሎ ማቋረጥ የለም፤ ሕክምናው የዕድሜ ልክ ነው። ልጁ ይህን ሁሉ ዝም ብሎ ሰማ፤ መዳብ የሚበዛበት ጉበት አለበትና ዱለት ተው ስለው ግን ፊቱ ጠቆረ። አልፈርድበትም፣ ፋሲካ ቀርቧል!

በሽታው በዘር ስለሚወረስ የእያንዳንዱ ወንድምና እህት በበሽታው የመያዝ ዕድል 25 በመቶ ነው። ታናሽ እህቱ ምንም ሕመም የላትም፤ ቢሆንም በሽንቷ ያለው መዳብ እንዲለካ የ24 ሰዓት ሽንት ማጠራቀሚያ ዕቃ አስይዘን ሸኘናት።