የጎፍ ደን ጠርዝ ላይ ያገኘኋት ሆደ ቢጫ

ሆደ ቢጫ የምትባለውን ትንሽ ወፍ ፍለጋ ሄጄ ኮምቦልቻ ያደርኩበት አልጋ ቤት ዋናው መንገድ ዳር ነው። ከባድ መኪኖቹ ሌሊቱን ሙሉ ጥሩምባ ሲነፉ ነጋ። ለዚያ ሌሊት 800 ብር መክፈል ያናድዳል። የባጃጁ ደግሞ ባሰ፤ እንግዳ መሆኔን አይቶ እስከ የጎፍ ደን ግርጌ 400 ብር ተቀበለኝ።

ዳገቱን ወጥቼ ጥዱና ወይራው መሀል ብዙ ቆየሁ። ድምፅ እንጂ ወፍ የለም። ከብት የሚጠብቅ ልጅ መጣ፤ ስልኬ ላይ የወፏን ፎቶ አሳየሁት። «አብሽር ጋሼ፣ እሷማ ሳሩ ጋ ናት» ብሎ ከብቶቹን ለታናሹ ትቶ ወደ ደኑ ጠርዝ ይዞኝ ወረደ። አዲስ አበባ እኔ ሰፈር ስለ ወፍ ብትጠይቅ ቆሞ የሚሰማህም የለ!

እውነትም እዚያ ነበሩ። የሳሩ ዘለላ ላይ ተንጠልጥለው ፍሬውን ይለቅማሉ። ጭንቅላቷ ግራጫ፣ ጀርባዋ አረንጓዴ ቀመስ፣ ሆዷ ቢጫ፤ ምንቃሯ ከላይ ጥቁር ከታች ቀይ። ብድግ ስትል ደግሞ ከጅራቷ በላይ ያለው ቀይ ቦግ ይላል። ርዝመቷ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብትሆን ነው፣ ሳሩ እንኳ ብዙም አይጎብጥላትም። ደቡብ አፍሪካ ያለችው ዘመዷ ወንዱ ፊቱ ጥቁር ነው፤ የእኛዎቹ ግን ወንድና ሴቱ ስለሚመሳሰሉ አፍጥጬ ባይም መለየት አልተቻለም። በደስታ እጄ ተንቀጥቅጦ አንድ ደህና ፎቶ አላነሳሁም፣ ግድም አልሰጠኝ።

ደን ይጠበቅ ስንል የምናስበው ዛፉን ብቻ ነው። ይህች ወፍ ግን የምትኖረው ከሳር ፍሬ ነው። ጠርዙ ታርሶ ባህር ዛፍ ከተተከለበት ጥዱ ቢቆም ለእሷ ምኗ ነው? ከታች እንደዚያ የሆነ ቦታ አይቻለሁ፣ አንዲት ወፍ አልነበረችበትም።

ለልጁ ብር ብሰጠው እንቢ አለ። እናቱ ጭራሽ «ቡና ሳትጠጣማ አትሄድም የኔ ልጅ» ብለው አስቀመጡኝ። አቦሉን ጠጥቼ ልነሳ ስል ተቆጡኝ፤ እስከ በረካ ጠጣሁ፣ ቆሎውንም ጨረስኩት።

ስመለስ የያዝኩት ባጃጅ 50 ብር ነው ያስከፈለኝ። ያው መንገድ፣ ያው ርቀት! የጠዋቱ ብር አሁንም ያንገበግበኛል።