የካራቴ ፊልም ስታዩ ዓይናችሁ ከወገብ በታች ይሁን

የካራቴ ፊልም ካሜራ ከሁሉ አብልጦ የሚከተለው ፊትንና ጡጫን ነው። ካራቴው ግን ያለው ከወገብ በታች ነው። የኋላው ተረከዝ መሬት ይዞ እንደሆነና ዳሌው መቼ እንደዞረ ያላየ ሰው ጡጫውንም በቅጡ አላየውም።

ጊያኩ ዙኪን፣ ማለትም በኋላ እጅ የሚሰነዘረውን ቡጢ፣ ቀረብ ብለን እንየው። ከካራቴ ስልቶች አንዱ በሆነው በሾቶካን አቋቋሙ ዘንኩትሱ ዳቺ ይባላል። የፊተኛው ጉልበት ታጥፎ ከእግር ጣቶች በላይ ይሆናል፣ የኋለኛው እግር ይዘረጋል። ርዝመቱ የትከሻ ስፋት ሁለት እጥፍ ገደማ ነው፤ በሁለቱ እግሮች መካከል ደግሞ ወደ ጎን የዳሌ ስፋት ያህል ክፍተት ይቀራል። ከሰውነት ክብደት 60 ከመቶ የሚሆነው ፊተኛው እግር ላይ ያርፋል። ጡጫው መዳፉ ወደ ላይ እንደሆነ ጎን ላይ ይጠብቃል። ቡጢው የሚነሳው ከተረከዝ ነው፤ የኋላው ተረከዝ መሬቱን ይገፋል፣ ዳሌው ይዞራል፣ ክንዱ የሚከተለው ከዚያ በኋላ ነው። ክርኑ ጎንን እየታከከ ይወጣል፤ ጡጫው የሚገለበጠው ሊያርፍ ሲል ነው። ሌላው እጅ በዚያው ፍጥነት ወደ ጎን ይሳባል፤ ይህ ሂኪቴ ነው። የሚያርፉት የአመልካች ጣትና የመሃል ጣት አንጓዎች ብቻ ናቸው። ጡንቻ ሁሉ ለቅጽበት ተጨብጦ ወዲያው ይላላል፤ ኪሜ የሚሉት ይህን ነው።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸውም እዚሁ ላይ ነው። ሁለቱ እግሮች በአንድ መስመር ላይ ከቆሙ ዳሌው የሚዞርበት ቦታ ያጣል፣ ሚዛንም ይጠፋል። ተረከዝ ከተነሳ ግፊቱ ከመሬት ሳይሆን ከትከሻ ብቻ ይመጣል። ከመነሻው የተጨበጠ ክንድ ይዘገያል። አንጓዎቹ ሳይስተካከሉ ቀለበት ጣትና ትንሿ ጣት ቀድመው ካረፉ ደግሞ የእጅ አጥንት ይጎዳል።

በፊልም ላይ ተዋናዩ ክንዱን ወደ ኋላ ወስዶ በሰፊው ይወነጭፈዋል፤ ተመልካች ከሩቅ እንዲያየው ነው። ጡጫው ሳይደርስ ይቆማል፣ ካሜራው ከአንዱ ጀርባ ሆኖ ክፍተቱን ይሸፍነዋል፣ ድምፁ በኋላ ይጨመራል። ይህ ሰው እንዳይጎዳ የተዘጋጀ ሙያ ነው፣ ክብር ይገባዋል። ችግሩ ጀማሪ ያን ውንጨፋ ይዞ ዶጆ፣ ማለትም ማሠልጠኛ፣ ሲገባ ነው፤ ክንዱን ወደ ኋላ በወሰደባት ቅጽበት ሊመታ መሆኑን ለባላጋራው ነግሮታል።

በ1984 የወጣው «ዘ ካራቴ ኪድ» ብዙ ሰው ወደ ዶጆ እንዲሄድ ያደረገ ፊልም ነው። የመምህሩ ስም ሚያጊ የተወሰደው ጎጁ ሪዩ የተባለው የካራቴ ስልት መሥራች ከሆኑት ከጃፓኗ ደሴት ከኦኪናዋው ቾጁን ሚያጊ ነው። መምህሩን የተጫወተው ፓት ሞሪታ ካራቴኛ አልነበረም፤ ከባድ የሆኑትን እንቅስቃሴዎች በእሱ ምትክ የሠሩት ካራቴኛው ፉሚዮ ዴሙራ ናቸው። በፊልሙ መምህሩ ልጁን ለሥልጠና መኪና ያስወለውለዋል፤ መኪና የሚወለወልበት የእጅ ክብ ለማዋሺ ኡኬ፣ ለክብ ምከታው፣ ቅርብ ነው። ትርጉሙ ሳይነገር ደጋግሞ ማሠራትም በኦኪናዋ ማሠልጠኛዎች የታወቀ ነው። ፊልሙ እዚህ ላይ እውነቱን ይዟል። የዘለለው ሌላ ነው። ውልወላ ትከሻን ያጠነክራል፣ ጊዜንና ርቀትን ግን አያስተምርም። ያ የሚገኘው በኢፖን ኩሚቴ ነው፤ አጥቂው «ጆዳን» (ራስ) ወይም «ቹዳን» (ደረትና ሆድ) ብሎ የሚመታበትን ቦታ አስቀድሞ ያሳውቃል፣ አንድ ጊዜ ብቻ ይሰነዝራል፣ ተከላካዩ ይመክትና ይመልሳል። መጀመሪያ በዝግታ፣ ከወራት በኋላ በሙሉ ኃይል። ፊልሙ ይህን ሁሉ በአንድ ምሽት አሳለፈው።

በፊልሙ መጨረሻ የሚታየው የሽመላው ምት ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ልጁ በአንድ እግሩ ቆሞ፣ እጆቹን እንደ ክንፍ ዘርግቶ፣ የቆመበትን እግር ራሱን ዘሎ ይሰነዝራል። ዘሎ ወደ ፊት መምታት በካራቴ አለ። ደረትን ገልጦ መጠበቅ ግን የለም፤ የቆመበት እግር ቢጠለፍ ያኔውኑ ይወድቃል። በካራቴ ሽመላ የሚታወሰው ጋንካኩ በሚባለው ካታ (ለብቻ በተወሰነ ቅደም ተከተል በሚሠራ የእንቅስቃሴ ልምምድ) ነው። ትርጉሙ በድንጋይ ላይ የቆመች ሽመላ ማለት ሲሆን፣ የቀድሞ ስሙን ቺንቶን ትተው እንዲህ ያሉት የሾቶካን መሥራች ጊቺን ፉናኮሺ ናቸው። በዚያ ካታ የቆመው ጉልበት ታጠፍ ይላል፣ የተነሳው እግር ከዚያው ጉልበት ጋር ይጠጋል፣ እጆቹም ሰውነትን ይጠብቃሉ።

ካታን ፊልሞች ብዙ ጊዜ ፀሐይ ስትጠልቅ የሚጨፈር ጭፈራ ያስመስሉታል። ሄያን ከሚባሉት አምስት የጀማሪ ካታዎች የመጀመሪያው፣ ሄያን ሾዳን፣ 21 እንቅስቃሴ አለው፣ ወደ 40 ሰከንድ ይፈጃል፣ የሚያልቀውም ከተጀመረበት ቦታ ነው። ሠርታችሁ ስትጨርሱ አንድ እርምጃ ፈቀቅ ብላችሁ ከተገኛችሁ የሆነ ቦታ አቋቋማችሁ አጥሯል ወይም ረዝሟል ማለት ነው። ስትዞሩ የኋላው እግር በበቂ ወደ ጎን አለመሄዱም ያዛንፋል። አምስቱም ሄያኖች በምከታ ይጀምራሉ፤ ፉናኮሺ በካራቴ ቀድሞ ማጥቃት የለም ያሉት እዚህ ላይ በእንቅስቃሴ ይታያል።

ይህንኑ አባባል ይዞ የተሠራው የ2007ቱ የጃፓን ፊልም «ኩሮ ኦቢ» ከሁሉ ይበልጥብኛል። ታሪኩ በ1930ዎቹ ነው፤ መምህራቸው የሞተባቸው ተማሪዎች፣ አንዱ ፈጽሞ ላለማጥቃት ይጸናል፣ ሌላው በማጥቃት ይገፋበታል። የሚጫወቱት ካራቴኞች ናቸው፦ ታትሱያ ናካ ከሾቶካን፣ አኪሂቶ ያጊ ከጎጁ ሪዩ። ድብድቡ አጭር ነው፤ እንደ ቦክስ ቱር ቱር የሚል እግር አታዩም። ስታዩት ድምፁን አጥፉና እግራቸውን ብቻ ተከተሉ። ናካ ረጅምና ዝቅ ያለ አቋቋም ይዞ ርቀቱን በአንድ ግፊት ይዘጋል። ያጊ አጠር፣ ቀና ብሎ ይቆማል፤ የስልቱ መሠረት ሳንቺን የሚባለው አቋቋም ነው፦ የፊተኛው እግር ተረከዝ ከኋለኛው እግር ጣቶች ጋር ይሰለፋል፣ ጣቶቹ ወደ ውስጥ ይዞራሉ፣ ጉልበቶቹ ወደ መሃል ይሰበሰባሉ፤ ባላጋራው እስኪጠጋውም ከዚያ አይነቃነቅም።